ጋሽ ደምሰው በእንግድነት የመጡበት ሥልጠና

እጄ እኔን ሳያማክር ያደረገው አንድ ነገር አለ፤ እሱን ልነግራችሁ ነው። ዛሬም ቶሎ ልደርስበት አልወድም። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ላይ ብንዛዛ ታገሱኝ።

ስሜ ረድኤት ነው፣ ሠዓሊ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ሰው "ሥራሽ ምንድን ነው?" ሲለኝ "ጋሽ ደምሰው ጋ ነው የምሠራው" ነበር መልሴ። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ገርጂ ያለው ቤታቸው ሄጄ፣ ብሩሽ ላጥብልዎት ብዬ ለምኜ ነው የገባሁት። ጋሽ ደምሰው ሥዕል የሚወድ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ ዝናብና የከተማ ሴቶችን አሳምረው የሚስሉ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ብሩሽ አጠብኩ፣ ሸራ ወጠርኩ። ቀጥሎ እሳቸው በነደፉት ላይ ቀለም መቀባት ጀመርኩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሕመሙ ምን እንደሆነ ነግረውኝ አያውቁም። እኔ የማውቀው ምሳ ላይ ማንኪያቸው ከሳህኑ ጋር መንኳኳት ሲጀምር ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ቶሎ ብለው ሬዲዮውን ከፍ እንደሚያደርጉ ነው። እየቆየ ንድፉም ወደ እኔ መጣ። እሳቸው ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው "ትከሻዋን ላላ አድርጊው፣ እንደሱ፣ አሁን ተዪው" ይላሉ፤ እኔ እስላለሁ፤ ሲያልቅ እሳቸው ይፈርማሉ። ፊርማቸውም መንሻፈፍ ሲጀምር አንድ ቀን ብሩሹን አቀበሉኝና "አንቺው ጻፊው፣ ያው ነው" አሉኝ። ጻፍኩት። "ደ" ትልቅ ሆና አንድ እግሯ ወደ ግራ ይረዝማል፤ የቀሩት ፊደላት ተጠጋግተው ይከተሏታል፤ ከሥራቸው ሁለት ነጥብ። ከዚያ በኋላ ብርድ ሲሆን የኮታቸውን ቁልፍ እንደምቆልፍላቸው ሁሉ ፊርማቸውንም እፈርምላቸው ነበር። ከእኛ ከሦስታችን በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ስለ ሥልጠናው የነገረኝ ቢኒ ነው። ቢኒ ከቁርጥራጭ ብረት ቅርጽ የሚሠራ፣ አፉ የማያርፍ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። መገናኛ ታክሲ ተሰልፈን ሳለ፣ ለሠዓሊዎችና ለቀራፂዎች የሙያ ማሳደጊያ ሥልጠና ሊሰጥ ነው አለኝ።

"ሥራን ሰብስቦ ፖርትፎሊዮ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ስለ ራስ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ከጋለሪ ጋር እንዴት እንደሚወራ ያስተምራሉ። መጨረሻ ላይ ከሠልጣኞቹ አንድ ሰው ይመረጥና ወይዘሮ ሶስና ጋለሪ ለብቻው ኤግዚቢሽን ያሳያል።"

"ለብቻው?"

"ለብቻው። አንቺ እንኳን ሰው ጀርባ ካልተደበቅሽ ስለማይመችሽ ባትመዘገቢ ይሻላል" አለና ሳቀብኝ።

ወይዘሮ ሶስና ቦሌ ጋለሪ ያላቸው፣ የጋሽ ደምሰውን ሥራ ለብዙ ዓመት ሲያሳዩና ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ጋለሪያቸው እንደተገባ ፊት ለፊት የምትታየው ሥዕል "የዝናብ ሰልፍ" ትባላለች። ሴቶች ዝናብ እየወረደባቸው ታክሲ ሲጠብቁ ታሳያለች። ያችን ሥዕል ከመጀመሪያው መስመር እስከ ፊርማው ድረስ የሳልኳት እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሰው ከጎኔ ነበሩ፣ ተናግረዋል፣ አርመዋል። እጁ ግን የእኔ ነው፤ ሰልፉም በየቀኑ ከቤቴ ከየካ አባዶ ስመላለስ የምቆምበት የራሴ ሰልፍ ነው። ያ ግድግዳ ላይ አንድ ቀን በራሴ ስም ለመግባት ፈለግሁ። ፍላጎቴ ያሳፍረኝም ያስፈራኝም ነበር።

ለጋሽ ደምሰው እውነቱን መንገር አልቻልኩም፤ ልሄድባቸው እንደሆነ ያስባሉ ብዬ ፈራሁ። "አክስቴ ታማብኛለች፣ ሦስት ቀን አስታምማታለሁ" አልኳቸው።

"ሂጂ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ" አሉ። ይባስ ብለው እትዬ ዘነበች ለአክስቴ ብርቱካን ገዝተው አስያዙኝ። ብርቱካኑን በልቼ መጨረስ አቅቶኝ ለጎረቤት ልጆች አደልኩት።

የሥልጠናው አዳራሽ ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ሲሄዱ ባለው መንገድ ላይ፣ ከታች ባንክ ከላይ ቢሮ የሆነ ሕንፃ ውስጥ ነበር። አሠልጣኛችን ናሆም ይባላል። ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ሲናገር መቆም አይችልም። የመጀመሪያው ቀን "ስለ ሥራችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፤ 'እኔ' ማለት አትፍሩ" አለን። አዳራሹ ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ስለሆነ አንገታችንን ደፍተን እየተሳሳቅን ጻፍን። ናሆም የእኔን ወረቀት አነሳና ማንበብ ጀመረ።

"እኛ ዝናብን የምንስለው..." አለና ቆመ። "ረድኤት፣ እኛ ማነን?"

"ልማድ ነው" አልኩት።

በማግሥቱ ሥራዎቻችንን አየ። እኔ ቤቴ ውስጥ ለራሴ የሳልኳቸውን ጥቂት ትናንሽ ሥዕሎች በስልኬ አንስቼ አቅርቤ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሲወጡ ናሆም እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ተጠጋ።

"እነዚህ የጋሽ ደምሰው ናቸው" አለ።

ማን ነገረው ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ።

"ማለቴ ተጽዕኖው" አለ ቀጥሎ። "እጅሽ ጥሩ ነው፤ ግን እሳቸውን እየቀዳሽ ነው። አንቺ የታለሽ? እስቲ አንድ ነገር ላሳይሽ።" ስልኩን ነካካና ስክሪኑ ላይ "የዝናብ ሰልፍ"ን አወጣት። "ይህችን ሴትዮ ተመልከቺ። ጃንጥላዋ ተገልብጦባት እንኳን አልደነገጠችም። ሽማግሌው በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ እንደ ልባቸው ይስላሉ፤ አንቺ በወጣትነትሽ ፈርተሽ ትስያለሽ። ይገባሻል የምልሽ?"

ያችን ሴትዮ መገናኛ አጠገቤ ቆማ ነው ያየኋት። ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የነደፍኳት። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እያየኝ ነው፤ ቢኒም እያየኝ ነው። "ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ" አልኩና ተቀመጥኩ። ውኃዬን አንስቼ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ከሁሉ የባሰው ግን የመጣው ልንወጣ ስንል ነው። ናሆም አጨበጨበና ጸጥ አሰኘን።

"ነገ የክብር እንግዳ አለን። ጋሽ ደምሰው መጥተው ልምዳቸውን ያካፍሉናል። ወይዘሮ ሶስናም ይገኛሉ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በእናንተና በእኔ መካከል ይቅር፣ ለእሳቸው አልነገርናቸውም። ንግግራቸውን ሲጨርሱ የሥዕል ማቆሚያና ወረቀት እናቀርብላቸዋለን። ፊታችን ይስላሉ። ቪዲዮ እንቀርጻለን።"

ሁሉም ደስ አለው። እኔ ወንበሬን ይዤ ቆምኩ። ጋሽ ደምሰው እንኳን ሊስሉ፣ ሻይ እንኳ የሚጠጡት በግራ እጃቸው ነው። ሰው ፊት ሲወጡ ቀኝ እጃቸውን ከኮታቸው ኪስ አያወጡትም። ያችን እጅ ደግሞ ነገ ሕዝብ ፊት ሊያስወጧት ነው፤ ያውም ካሜራ ደቅነው።

"ምነው ገረጣሽ?" አለ ቢኒ።

"ርቦኝ ነው" አልኩት።

የካ አባዶ እስክደርስ ታክሲው ውስጥ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ካስጠነቀቅኳቸው ሥልጠናው ላይ መሆኔን ያውቃሉ። ካላስጠነቀቅኳቸው ይዋረዳሉ። ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ሳላወርድ ደወልኩላቸው።

"አክስትሽ እንዴት ናት?" አሉኝ ገና ሃሎ ሳልል።

"ደህና ናት። ጋሼ፣ ነገ የት ይውላሉ?"

"የት እውላለሁ፣ ቤቴ ነኛ።"

እሳቸውም ዋሹኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

"ምናልባት... የሚጠራዎት ሰው ቢኖር፣ ድንገት ሳሉልን ቢልዎት..."

"ማን ነው የሚለኝ? ምን ሆነሻል ልጄ፣ ማስታመሙ ደክሞሻል መሰለኝ። በይ ተኚ" ብለው ዘጉት። መልሼ ደወልኩ፤ አይነሳም። ለናሆም ደውዬ ማቆሚያውን እንዲያስቀር ልለምነው አሰብኩ፤ ለምን ቢለኝ መልስ የለኝም። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያውን ሳይ አነጋሁ።

በማግሥቱ ቀርቼ ብሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ልቅር ብዬም ነበር። ነገር ግን ከእሳቸው ጋር የሚሆነውን ሌላ ሰው በስልክ ከሚነግረኝ በዓይኔ ማየት ይሻለኛል ብዬ ሄድኩ። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ሰፊ ትከሻ ካለው ከቢኒ ጀርባ ተቀመጥኩ። ማቆሚያው ነጭ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። እሱን ላለማየት ወለሉን አየሁ።

ጋሽ ደምሰው የክት ኮታቸውን ለብሰው ገቡ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ናት። ወይዘሮ ሶስና ፊት ለፊት ተቀምጠው ፈገግ አሉላቸው። ንግግራቸው ያምር ነበር፤ ስለ ወጣትነታቸው፣ ቀለም አጥተው በቤት ቀለም ስለሳሉበት ዘመን አወሩ፤ ሰውን አሳቁት። እኔ ግን የሚሉት ግማሹም አልተሰማኝም። እያንዳንዱ ጭብጨባ ንግግሩ ያለቀ እየመሰለኝ ጨርቁን አያለሁ።

በመጨረሻ አለቀ። ናሆም ብድግ አለ።

"ጋሼ፣ አንድ ያልነገርንዎት ነገር አለ" ብሎ ጨርቁን ገለጠው። ትልቅ ነጭ ወረቀት፣ ከሥሩ ለንድፍ የምንጠቀምበት ጥቁር ከሰል፣ ቻርኮል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ ስልኮች ተደቀኑ።

የጋሽ ደምሰው ፊት አልተለወጠም። እኔ ግን አውቃቸዋለሁ፤ ኪሳቸው ውስጥ ያለችው እጅ ስትጨበጥ ከኮታቸው ላይ አየኋት።

"መነጽሬን አላመጣሁም" አሉ።

"እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነውም ይስላሉ" አለ ናሆም። ሰው ሳቀ።

"ሌላ ቀን ቢሆንስ?"

"አንድ መስመር ብቻ ጋሼ፣ ለመታሰቢያ።"

ሽማግሌው ወደ ማቆሚያው ሄዱ። በግራ እጃቸው ይሞክሩ ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። ቀኝ እጃቸውን አወጡ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልነገሩኝም፤ እኔ የሚመስለኝ በዚያች ደቂቃ እጃቸው እንደምትታዘዛቸው ተስፋ አድርገው ነው። ቻርኮሉን አነሱ። ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ተሰብሮ ወለሉ ላይ ወደቀ። የሆነ ሰው "እርጅና ነው" ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። ስልኮቹ ግን አልወረዱም።

መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት በመቀመጫዎቹ መሃል ስሄድ ነው።

"ጋሼ፣ እኔ ልያዝልዎት?"

ዞር ብለው አዩኝ።

"አክስትሽ ተሻላት?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ደህና ናት ጋሼ።"

ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ ቢጤ አለፈ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ይህች ተማሪዬ ናት። ዛሬ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትስላለች። ስታዩን ትማራላችሁ።"

ናሆም በደስታ ሊሞት ነው። የተሰበረውን ቻርኮል አንስቼ ወረቀቱ ፊት ቆምኩ።

"ማንን ልሳል?"

"ሶስናን። ይህች ሴት ዘመኔን ሙሉ ስታዘኝ ኖራለች፤ ዛሬ እንኳ እኔ ልዘዛት። ሶስና፣ እንዳትነቃነቂ።" ወይዘሮ ሶስና እየሳቁ ጀርባቸውን አቀኑ። "ከአንገቷ ጀምሪ። ፊቷን ተዪው፣ ራሱ ይመጣል።"

ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ጊዜ ፍርሃቱ ትቶኝ ሄደ። ድምፃቸው ከቀኝ ትከሻዬ በላይ ይመጣል፣ እጄ ይሄዳል፤ ገርጂ ያለን እንጂ ቦሌ ያለን አልመሰለኝም። "ሻርፑን አትቁጠሪው፣ ወርውሪው። እንደሱ። አሁን ተዪው።" ስጨርስ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። ወይዘሮ ሶስና ወረቀቱ ላይ ነበሩ፤ ትንሽ ደክሟቸው፣ ትንሽ ኮርተው። ራሳቸውም ወደዱት።

"ይፈረምበትና እኔ እወስደዋለሁ" አሉ።

ቻርኮሉን ለጋሽ ደምሰው ዘረጋሁላቸው። እጄን ይዘው መለሱልኝ።

"አንቺ ፈርሚ። ያንቺ ነው።"

እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወደ ወረቀቱ ግርጌ ጎንበስ ስል የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ በስሜ ፈርሜ አላውቅም፣ ስሜን ብቻ ልጻፍ ወይስ ከነአባቴ? ይህን እያሰብኩ ሳለ እጄ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ቀና ስል አየሁት። ትልቅ "ደ"፣ ወደ ግራ የረዘመ እግር፣ ተጠጋግተው የተከተሉ ፊደላት፣ ከሥር ሁለት ነጥብ።

ወይዘሮ ሶስና ሊወስዱት ቀርበው ነበርና ከሁሉ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው። ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ።

"ረድኤት ነው አይደል ስምሽ?"

"አዎ።"

"ይሄ ረድኤት አይልም።"

ቢኒ ነገሩ ሳይገባው፣ ግን ጭንቀቴ ገብቶት ከኋላ ጮክ ብሎ ተናገረ። "መምህሯን ማክበሯ ነው! እኛ ስማችንን ማስቀደም አልተማርንም፣ ናሆም ገና ሊያስተምረን ነው።" ሰው ሁሉ ሳቀ። ናሆምም "በጣም ደስ የሚል ነገር ነው" ብሎ አጨበጨበ። የመውጫው በር ተከፍቶልኛል፤ መውጣት ብቻ ነው የቀረኝ።

"አዎ፣ ለክብራቸው ብዬ ነው" አልኩ።

ወይዘሮ ሶስና ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱ ነጥቦች ላይ አጎነበሱ። ስልካቸውን አውጥተው አንድ ፎቶ ፈለጉና ከወረቀቱ አጠገብ ያዙት፤ የ"ዝናብ ሰልፍ" ፊርማ ነው። ልዩነት የለውም። ሊኖረውም አይችልም።

"ይህችን ሥዕል ማነው የሳላት?" አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ጋሼ ናቸው" አልኩ።

"እሷ ናት" አሉ ጋሽ ደምሰው፣ ከአፌ ነጥቀው።

"አይደለም፣ እሳቸው ናቸው። ሐሳቡ፣ እርማቱ፣ ሁሉም..."

"ተዪ ረድኤት።" እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰዉ ፊት ዘረጉት። እንዲንቀጠቀጥ ተዉት፣ አልደበቁትም። "ይህች እጅ ከከዳችኝ ቆይታለች። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትስላለች። ስሜን የምትጽፈውም እኔ ስላዘዝኳት ነው። ደምሰው መሳል አቃተው ከምትሉኝ ብሞት ይሻለኛል ብዬ ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።"

ናሆም ወደ እኔ አየ፤ ትናንት ስክሪኑ ላይ ያሳየኝ ሴትዮ ትዝ አለችው መሰለኝ፣ ፊቱ ቀላ። ከዚያ "ስልካችሁን አውርዱ" አለ፤ በሦስቱ ቀን ውስጥ እሱን የወደድኩት በዚያች ቃሉ ነው።

"ሥራዎን የሸጥኩላቸውን ሰዎች ምን ልበላቸው ጋሼ?" አሉ ወይዘሮ ሶስና። ዓይናቸው ውኃ ሞልቷል። መልስ አልጠበቁም፤ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። የራሳቸውን ምስል ማቆሚያው ላይ ትተውት ሄዱ።

ለጋሽ ደምሰው መኪና የጠራሁላቸው እኔ ነኝ። ኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የቦሌ መንገድ ተዘጋግቶ ነበር። እንዲሰድቡኝ ጠበቅሁ። እንዲያውም እንዲሰድቡኝ ፈለግሁ።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "እጄ ነው። እኔ አላሰብኩትም።"

"አውቃለሁ። እኔ ነኝ እንደዚያ ያስለመድኩት።" በመስኮቱ ወደ ውጪ ያያሉ። "ሥልጠናውን ለምን ደበቅሽኝ?"

"እርስዎስ?"

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና "ነገ አትምጪ" አሉኝ።

"ከነገ ወዲያ ልምጣ?"

"ከነገ ወዲያም አትምጪ።"

"ማን ይሠራልዎታል?"

"አልሠራም። በቃኝ።"

ለመንኳቸው። ሾፌሩ በመስታወት እስኪያየኝ ድረስ ለመንኳቸው። ገርጂ ስንደርስ የመኪናውን በር በግራ እጃቸው ለመክፈት ታገሉ፤ ልከፍትላቸው ስል "ተዪው" አሉኝ። እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆመው ነበር። ስለ አክስቴ አልጠየቁኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ኤግዚቢሽኑን ቢኒ አገኘው፣ ይገባውማል፤ እኔ ግን ለመክፈቻው ዕለት ሄጄ በሩ ጋ ስደርስ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ተመለስኩ። ሌላ ቀን በመስታወቱ አጮልቄ አየሁ። "የዝናብ ሰልፍ" ቦታዋ ላይ ናት፤ ከሥሯ የነበረችው ስም የተጻፈባት ካርድ ግን ተነስታለች። በሌላ ስምም አልተተካችም። ስለ እኛ ክፉ የሚያወሩ ሠዓሊዎች አሉ፤ አታላዮች ይሉናል። ያዘኑልን ደግሞ አሉ፤ የእነሱ ይበልጥ ይከብደኛል። ስልኬ ሲጠራ አሁንም እደነግጣለሁ።

በእናንተም መካከል በሰው ስም የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለአለቃ ንግግር የምትጽፉ፣ በሌላ ሰው ስም የሚታወቅ ልብስ የምትሰፉ፣ የሌላ ሰው ስም ያለበት ዜማ የምትደርሱ። ተበደላችሁ ልላችሁ አይደለም፤ እኔ ገርጂ ውስጥ ተበደልኩ ብዬ አላውቅም። ሠዓሊ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስማችሁን ለረጅም ጊዜ ሳትጽፉት ከቆያችሁ፣ ጻፉ የተባላችሁ ዕለት አታገኙትም። እኔ ሕዝብ ፊት ፈልጌ አጣሁት። በዚያ ደግሞ የተጎዳሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የምወዳቸውን ሰው በደግነታቸው ደቂቃ አዋረድኳቸው። ይህ አይለቀኝም።

ክረምቱን የካ አባዶ ቤቴ ውስጥ ተዘግቼ አንድ ሥዕል ሠራሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎኔ የሚናገር ሰው አልነበረም። ሰባት ጊዜም ሳይሆን አይቀርም ያጠፋሁት። ሲያልቅ በስሜ ፈረምኩና በፌስታል ጠቅልዬ፣ ታክሲ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አቅፌ ገርጂ ወሰድኩት። እትዬ ዘነበች ምንም እንዳልተፈጠረ አቅፈው ሳሙኝ።

ጋሽ ደምሰው ሥዕሉን ወንበር ላይ አስደግፈው ፊቱ ተቀመጡ። ብዙ አዩት። አንድ ቦታ ላይ፣ በግራ በኩል ላይኛው ጥግ፣ ዓይናቸው ቆመ። አፋቸው ተከፈተ። ሊናገሩ ነው ብዬ ተጠጋሁ። መልሰው ዘጉት።

"ምን ይጎድለዋል ጋሼ?"

"ጥሩ ነው።"

"አውቅዎታለሁ እኮ። የሚጎድለው ነገር አይተዋል። ይንገሩኝ።"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ይንገሩኛ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ብነግርሽ የእኔ ይሆናል" አሉ።

ተናደድኩባቸው። ሻዩን ሳልጨርስ ሥዕሌን ጠቅልዬ ወጣሁ፣ ታክሲ ውስጥም አለቀስኩ። አሁን ሥዕሉ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው። በየቀኑ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት በግራ በኩል ያለውን ላይኛውን ጥግ አየዋለሁ። የጎደለው ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አላገኘሁትም።